«አለ» ያልኩት ሰው

በደብረ ብርሃን ሰው ጠዋት ሲገናኝ «እንዴት አደርክ» መባባል ከተወ ቆይቷል። «ሰጠህ?» ነው የሚባለው። «ሰጠሁ፣ ተመስገን። አንተስ?» «አረንጓዴ ነው።» ከዚያ ስለ ብርዱ ይወራል። ብርዱ እንደ ድሮው ነው።

የሚሰጠው ሽንት ነው። እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ ሁሉም ሰው ቀለበቱን ጣቱ ላይ አድርጎ መጸዳጃ ቤት ይገባል። መቀመጫው መርምሮ ሲጨርስ ከበሩ በላይ ያለችው መብራት ትበራለች። አረንጓዴ ከሆነች ወደ ሥራህ ትሄዳለህ፤ ቢጫ ከሆነች በሳምንት ውስጥ ሐኪም ቤት ትቀርባለህ፤ ቀይ ከሆነች እነሱ ራሳቸው ቤትህ ይመጣሉ። ሠርግ ቤት ማልዶ ወረፋ የሚያዘው ለዚህ ነው፣ ሙሽራም ቢሆን ተራውን ይጠብቃል። እኔ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሽንት የራስ ጉዳይ የነበረበትን ዘመን ትንሽ ትንሽ አስታውሳለሁ።

ረድኤት እባላለሁ። በክትትል ማዕከሉ መዝገብ የሥራ መደቤ «የመስክ አረጋጋጭ» ይላል፤ ሰፈርተኛው ግን «ዓይን» ነው የሚለን። መመሪያው፣ በጥናት ውስጥ ያለ ታካሚ በዓመት አንድ ቀን በሰው ዓይን መታየት አለበት ይላል። ማሽን ያየውን ሰው ሄዶ ያረጋግጥ ማለት ነው። አሥራ አራት ዓይኖች ነን፤ ለእያንዳንዳችን አርባ አርባ ወንድ ተሰጥቶናል። ሁሉም የዘር ፍሬ ካንሰር ይዟቸው «አጭሩን» የወሰዱ ናቸው።

ሕክምናው ሁለት ዓይነት ነው። ረጅሙ ቀዶ ሕክምናና የስምንት ወር ኬሞ ሲሆን ያድናል፤ ከእሱ በኋላ የወለደ ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። አጭሩ ሦስት መርፌ ብቻ ነው፣ ዘርን አይነካም። ዘርን አስቀድሞ በረዶ ቤት ማስቀመጥም ይቻላል፤ ወረፋው አራት ዓመት ነው፣ ካንሰር ደግሞ ወረፋ አያከብርም። ስለዚህ ሐኪሙም ታካሚውም ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ አጭሩን የወሰደ ሰው ረጅሙን እንደወሰደው ሰው ይኖራል ወይ?

ቅጹ ላይ አራት ጥያቄ አለ። የመጀመሪያው «አለ?» የሚል ነው፤ ይህን የምመልሰው እኔ ነኝ፣ በዓይኔ አይቼ። ሌሎቹን ታካሚው ይመልሳል፤ ሕመሙ ተመልሷል? ሽንቱን ይቆጣጠራል? ልጅ ወልዷል? በሰው ሳሎን ቁጭ ብዬ ጎልማሳውን ሰውዬ «ስትስቅ ያመልጥሃል?» ስለው ግድግዳውን እያየ «ያው እንደ ሰው ነው» ይለኛል። «እንደ ሰው» የሚል ሳጥን ቅጹ ላይ የለም።

በሁለት ሺህ ሰማንያ የካቲት ላይ ጠባሴ ወዳሉት ፎቆች ሄድኩ። የምፈልገው ናትናኤል የሚባል የሠላሳ ዓመት ሰው ነበር። አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ በሩን የከፈተልኝ ታናሽ ወንድሙ አቤኔዘር ነው። አንድ እጁ ላይ ሁለት ቀለበት አየሁ።

«ናትናኤል አለ?» አልኩት።

በሩን ከኋላው ገርበብ አድርጎ ወደ ደረጃው ወሰደኝ። «እትዬ፣ ወንድሜ የለም።»

«የት ሄደ?»

«የለም እኮ ነው የምልዎት።»

ናትናኤል ጅግጅጋ አካባቢ የነፋስ ኃይል ማማዎች ላይ ይሠራ ነበር። በመስከረም መብራቱ ቢጫ ሲሆን ገብቶታል። ቀይ ቢበራ የጤና ሰዎች እናቱ ወዳለችበት ቤት እንደሚመጡ ስላወቀ ቀለበቱን አውልቆ ለወንድሙ ላከ። «አንተ ስጥልኝ፣ እማዬ እንዳትሰማ» የሚል መልእክት ነበረው። በኅዳር ሞተ። ጓደኞቹ እዚያው በረሃው ዳር ቀበሩት፤ መስመር የማይደርስበት ቦታ ስለነበር ቀብሩ መዝገብ አልገባም። መቀመጫው ደግሞ የቀለበቱን እንጂ የጣቱን ባለቤት አይጠይቅም። አቤኔዘር በየጠዋቱ አንዴ ለራሱ፣ አንዴ ለሟች ወንድሙ ይሰጣል። ለዚሁ ብሎ ሲነጋ አንድ ጆግ ውኃ እንደሚጠጣ ሲነግረኝ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ እሱ እያለቀሰ ነበር።

«እናቴ ልቧን ኦፕራሲዮን ከሆነች ገና ሦስት ወሯ ነው» አለኝ። «ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሰብስበን፣ ማልደን፣ እንደ ወጉ እናረዳታለን። እስከዚያ እባክዎት።»

ምን እንደሚለምነኝ አውቃለሁ። ቅጹ ላይ «ሞቷል» የሚለውን ስነካ መዝገቡ በአራት ሴኮንድ ውስጥ ለቅርብ ዘመድ ሁሉ ስልክ ላይ ይልካል። ማሽን ሽማግሌ አይሰበስብም። መርዶ የሚነገረው ሰው እህል እስኪቀምስ አይጠብቅም፣ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ መኖሩን አያይም። እዚያው ቆመን ሳለ ከውስጥ የእናትየው ድምፅ ተሰማ።

«አቢ፣ ማን ነው?»

«የጤና ሰው ናት እማ።»

«ናቲን ፈልጋ ነው? ጅግጅጋ ነው በላት። ደህና ነው በላት።»

እኔ «አለ» የሚለውን ነካሁ። ያን ቀን አላፈርኩም፣ እንዲያውም እስኪመሽ ድረስ ደግ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም ይባል የለ፤ ከአምስት መቶ ስልሳ ሰው መካከል አንድ ሰው ምን ያመጣል ብዬ ወደ ቀጣዩ ቤት ሄድኩ።

ፋሲካ አለፈ። በሚቀጥለው የካቲት ስሄድ አቤኔዘር «ከመስቀል በኋላ» አለኝ። ከዚያ አክስታቸው ታማ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ የእናትየው ደም ግፊት ከፍ ብሎ ነበር። ለመርዶ የሚመች ቀን በካላንደር ላይ አይገኝም። እኔም በየዓመቱ ደረጃው ላይ ቆሜ «አለ» እያልኩ ወረድኩ።

ውጤቱ በሰማንያ ሦስት መጋቢት ላይ ታወጀ። ረጅሙን ከወሰዱ መቶ ሰዎች መካከል በአምስት ዓመት ውስጥ የሚሞቱት አምስት፣ አጭሩን ከወሰዱት ስድስት። ልዩነት የለም ማለት ነው። አጭሩ በሁሉም ሐኪም ቤት ይሰጥ ተባለ። ማዕከሉ ኬክ አስቆረሰ፤ ለአሥራ አራታችንም ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ብርድ ልብስ ተሸለምን። ለብሼው ተኝቼበታለሁ፣ ይሞቃል።

በወሩ የወንድሜ የኪሩቤል መብራት ቢጫ ሆነ።

ኪሩቤልን ወንድሜ የምለው በአፍ ነው እንጂ ልጄ ነው። እናታችን ስትሞት እሱ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ እኔ ሃያ ስምንት። ጫማ ማሰርም፣ መዋሸት ነውር መሆኑንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሲያድግ የሊፍት መካኒክ ወጣው፤ ይህ ሁሉ ፎቅ በተሠራበት ከተማ እሱ ከሌለ ግማሹ ሰው ቤቱ አይገባም። ሶስና ከምትባል ልጅ ጋር ተጫጭቶ ለግንቦት ሠርግ እየደገሱ ነበር።

ቤቴ መጣና ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። «እታለም፣ ሐኪሙ ሁለቱንም ነገረኝ። ምርጫው ያንተ ነው አለኝ። ሶስና ያለ ልጅም እኖራለሁ ትላለች፤ ስትናገር ግን አያታለሁ። አንቺ ሰዎቹን በዓይንሽ ታያቸዋለሽ። ይኼ ስድስት የሚሉት ቁጥር እውነት ነው?»

ናትናኤል ትዝ ብሎኛል። ረስቼው ነበር ብል እንደገና ዋሸሁ ማለት ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ በልቤ ሂሳብ ሠራሁ፤ አንድ ሰው ቢጨመር ስድስቱ ከስድስት ከሩብ አያልፍም። ደግሞ ብነግረው «ስንት ዓመት እንዲህ አደረግሽ?» ይለኛል። ስለ መዋሸት ያስተማርኩት ልጅ ፊት «አራት» ማለት አቃተኝ።

«እውነት ነው» አልኩት። «ስድስት ብቻ ናቸው።»

ምላሴን በቆረጠው ኖሮ።

ትንፋሹን ለቀቀና ካፖርቱን አወለቀ። ሦስቱን መርፌ በሦስት ሳምንት ጨረሰ፣ ግንቦት ላይ ተሞሸረ። በዓመቱ ሴት ልጅ ተወለደችለትና ማርያማዊት አላት። ልጅቷ በተወለደች በሃያ አንደኛው ቀን መብራቱ እንደገና ቢጫ ሆነ።

ለእኔ የነገረኝ በሦስተኛው ቀን ነው፣ የሚጠግነው ሊፍት ውስጥ ቆመን። በሩን ራሱ ዘጋው።

«ተመልሷል እታለም። ረጅሙን ቶሎ ከጀመርክ ተስፋ አለህ ብለውኛል። ቀን በቆየ ቁጥር ይቀንሳል።»

«ታዲያ ነገ ግባ።»

«ሶስና አራስ ናት።» ይህን ያለው የዝናብ ነገር እንደሚያወራ ሰው ነው። «ሰማንያው ይሙላ፣ ክርስትናው ይለፍና እነግራታለሁ። ተኝቼ ስምንት ወር ልታከም ነው ተብሎ ለአራስ ይነገራል? ወተቷ ይደርቃል።»

ስለ ወተቱ ሐኪም ቢሰማን እንደሚስቅብን ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሆንም በአገራችን አራስ ክፉ ወሬ አትሰማም። ጣቶቻችን ላይ ቀለበት፣ በሮቻችን ላይ መብራት ገብቷል፤ ይቺ ግን ንቅንቅ አላለችም። «እሺ» አልኩት። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

ሊፍቱን ከፍቶ ሲወጣ ዞር አለና «ከስድስቱ አንዱ ሆንኩ ማለት ነው፤ ዕጣ ነው» አለኝ። ሊያጽናናኝ ብሎ ነው።

በማግሥቱ ቢሮ በሻይ ሰዓት አብሮኝ ሃያ ዓመት ከሠራው ከኢዩኤል አጠገብ ተቀመጥኩ። ኢዩኤል ቀልደኛ ሰው ነው፣ የቅጹን ጥያቄዎች በዘፈን ዜማ ይላቸዋል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ኢዩኤል፣ ሞቶ ሳለ አለ ያልከው ሰው አለህ?» አልኩት።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ማን ነገረሽ?» አለኝ።

እሱ ሁለት ነበሩት። የአንዱ ሚስት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የሌላው አባት ዘጠና ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው፣ እስኪሞቱ እንጠብቅ ተባብለው እሳቸው እምቢ አሉ። ሁለቱንም የሠራው እሱ ብቻ መስሎት በየጾሙ ይናዘዝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ሌሎቹን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። አንዱ ተቆጣኝ፣ ከዚያ ማታውኑ ደውሎ «አንድ» አለኝና ዘጋው። ጽላት የምትባለው ልጅ ሦስት ጣቷን አውጥታ አሳየችኝ፤ በአፏ አልተናገረችውም። የአንዱ እህት ልትሞሸር ነበር፣ የአንዱ እናት ከሐኪም ቤት ገና መውጣቷ ነበር፣ አንዱ ቤት ደግሞ ሟቹ ራሱ ለምኗቸው ነበር። በሁሉም ቤት ቀብሩ መዝገብ ሳይገባ ቀርቶ፣ የሟቹን ቀለበት ሌላ ሰው ይሰጥለት ነበር። የእኔን ጨምሮ ሃያ አምስት ሆኑ። መጀመሪያ በመዝገብ የታወቁት ሟቾች ሠላሳ አራት ነበሩ። ስደምረው፣ ከመቶ ስድስት ያልነው ከአሥር በላይ ሆነ፤ የረጅሙ እጥፍ ማለት ነው። አሥራ አራታችንም ደጎች ነን። አንዱ ብቻ እንኳ ክፉ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ ይታወቅ ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ጥናቱ ኃላፊ ወደ ዶክተር ብሩክታዊት ገባሁ። ሁለት ጊዜ አነበበችው። መነጽሯን አወለቀች።

«እነዚህን ለማስተካከል ሃያ አምስቱንም ሞቷል ብለን መመዝገብ አለብን» አለች።

«አዎ።»

«ሃያ አምስት እናት በአንድ ጠዋት በስልክ ላርዳ ነው የምትይኝ?»

«በየሳምንቱ አራት ወንድ አጭሩን ይመርጣል ዶክተር። የኛን ቁጥር አይተው ነው።»

ዝም አለች። ልቧ እንዳዘነ አያለሁ፣ ክፉ ሴት አይደለችም። «ለየቤተሰቡ ሽማግሌ የሚልክ ኮሚቴ እናቋቁም» አለች በመጨረሻ። «በጥቅምት ይጀምራል።» ሰኔ ነበር። ኮሚቴ ማለት ማንም ሳይዋሽ የሚዘገይበት መንገድ ነው፣ ይህን ማለት እንደነበረብኝ የገባኝ ከወጣሁ በኋላ ነው። ፊት ለፊቷ ግን «እሺ» ብዬ ነው የወጣሁት።

የራሴን አንድ ሰው ለመመዝገብ ኮሚቴ አያስፈልገኝም። ለአቤኔዘር ደወልኩና «ነገ ማልደን እንነግራታለን፤ ካልመጣህ ብቻዬን እሄዳለሁ» አልኩት። አጎቱን አቶ ያፌትን ይዞ ጠበቀኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሦስታችን ደረጃውን ወጣን። አቶ ያፌት መድኃኒትና ውኃ በፌስታል ይዘዋል። አቤኔዘር በየፎቁ ይቆማል።

በሩን እናቱ እማማ ሄርሜላ ራሳቸው ከፈቱት። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናቸው። ነጠላዬን አዩ፣ ወንድማቸውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ።

«መጣችሁ?» አሉ። «ግቡ። ዛሬስ ደረጃው ላይ አትንሾካሾኩ።»

ገብተን ተቀመጥን። አቶ ያፌት ጉሮሯቸውን ጠርገው «ሄርሜላ፣ እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ...» ብለው ሲጀምሩ እሳቸው እጃቸውን አነሱ።

«ናቲ ሞቷል። በለኛ፤ አንተ ንገረኝ። ሰው እስኪነግረኝ ነው የጠበቅኩት።»

አቶ ያፌት አንገታቸውን ደፍተው «ሞቷል እህቴ» አሉ።

«እማ፣ ታውቂ ነበር?» አለ አቤኔዘር። «በየእሁዱ ታወሩ አልነበር?»

ለካ አቤኔዘር የወንድሙን ድምፅ ከቆዩ መልእክቶች ላይ በማሽን አሠርቶ በየእሁዱ እናቱን በስልክ ያናግር ነበር። ይህን እኔም አልሰማሁም።

«ልጄ በሕይወቱ ከሁለት ደቂቃ በላይ አውርቶኝ አያውቅም» አሉ እማማ ሄርሜላ። «'እማ ልሂድ፣ እማ ሰው ይጠብቀኛል' ነበር ቋንቋው። ይኼኛው ድምፅ ሰዓት ሙሉ ያጫውተኛል። ምን በላሽ ይለኛል፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው ይለኛል። የመጀመሪያው እሁድ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ ለኔ ብለህ ስትደክም አያለሁ፣ ላፍርስብህ? ደግሞስ ማን አርድቶኝ ላልቅስ? ሳይነገረኝ ድምፄን ባወጣ አበደች ትላላችሁ። አራት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ እየበላሁ፣ እየሳቅሁ፣ ጎረቤት ሠርግ እየሄድኩ ኖርኩ።» ወደ እኔ ዞሩ። ያን ጊዜ ዓይናቸው ደረቅ ነበር። «አንቺን ሁሌ የካቲት በመጣሽ ቁጥር በበሩ ቀዳዳ አይሻለሁ። ዛሬ ትነግረኛለች እላለሁ። ዞረሽ ትወርጃለሽ። ለልቤ አዝናችሁ ለቅሶዬን ወሰዳችሁብኝ።»

ከዚያ ተነሡና ነጠላቸውን አገልድመው ጮኹ። እንዲህ ያለ ጩኸት እዚያ ፎቅ ተሰምቶ አያውቅም፤ ጎረቤት በሮቹን እየከፈተ፣ አንዳንዱ ገና መስጠቱን ሳይጨርስ፣ ወደ አሥራ አንደኛው ፎቅ ወጣ። ልባቸው አልቆመም። የፈራነው ሁሉ አልሆነም። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ «ሞቷል» የሚለውን ነካሁ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው የእማማ ሄርሜላ ስልክ ጮኸ፣ ማንም አላነሳውም።

ከዚያ ወደ ኪሩቤል ቤት ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በእግሬ ሄድኩ። የሄድኩት ለእሱ ልናገር አልነበረም፤ እሱ ሦስት ሰዓት ላይ ሥራ ላይ እንደሚሆን አውቃለሁ። ብነግረውም መልሱን አውቀዋለሁ፣ ሰማንያው ይሙላ ነው የሚለኝ። ሰማንያው ሊሞላ አርባ ቀን ይቀረዋል። አርባ ቀን ደግሞ የእሱ ሕይወት ናት።

ሶስና አልጋው ላይ ትራስ ተደግፋ ልጅቷን ታቅፋ ነበር። ስታየኝ ፈገግ ብላ «እትዬ ረድኤት፣ ምነው በጠዋቱ? ነጠላሽስ ምን ሆኗል?» አለችኝ። ማቃናቱን ረስቼው ነበር።

«ልጅቷን አስተኚያትና ስሚኝ» አልኳት።

አስተኛቻት። እኔም እንደ ወጉ መጀመሪያ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ አላወራሁም፤ የኪሩቤል ሕመም ተመልሷል፣ ዛሬ ሐኪም ቤት ቢገባ ተስፋ አለው፣ አንቺ አራስ ነሽ ብሎ ነው የቆየው አልኳት። ከዚያ ቀጥዬ አጭሩን የወሰደው እኔ «እውነት ነው» ስላልኩት እንደሆነ ነገርኳት። ስለ ናትናኤል ነገርኳት፣ ስለ ሃያ አምስቱ ነገርኳት።

አላለቀሰችም፤ አልተሳደበችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ካወቀ ስንት ቀን ሆነው?» አለችኝ።

«አሥራ ዘጠኝ።»

«አንቺስ ካወቅሽ?»

«አሥራ ስድስት።»

ከአልጋው አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ የተገባደደ ገንፎ ያለባት ጣባ ነበረች። ሶስና እሷን አየች። «ገንፎውን የሚያገነፋልኝ እሱ ነው» አለች። «ሥራ ሳይሄድ ተነሥቶ። ቅቤውን እያጠቀሰ በእጁ ነው የሚያጎርሰኝ። 'ብዪ፣ ጉልበት ይሆንሻል' እያለ። እኔ ደግሞ በዛብኝ እያልኩ አኮርፈዋለሁ።» ጣባዋን ወደ ጎን ገፋቻት። «አሥራ ዘጠኝ ቀን በላሁለት።»

ከዚያ ተነሣች። የእሱን ወፍራም ካፖርት ከመንጠቆው አወረደችና ለበሰችው፤ ባዶ እግሯን ጫማዋ ውስጥ ከተተች።

«የት ነው ዛሬ የሚሠራው?»

«ሰባተኛው ሕንፃ።»

«ልጅቷን ያዢልኝ። ዛሬውኑ ይገባል፤ እኔ ነኝ የማስገባው።»

አራስ ሳለች ራሷን ሳትሸፍን በደብረ ብርሃን ጠዋት ወጣች። «ብርድ ይመታሻል» ልላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ማርያማዊት ነቃች። አነሣኋት፤ የአንገቷን ሥር ሳሸት ጆሮዋ የኪሩቤል ነው፣ ቁርጥ እሱ። ያን ቀን እውነቱን ብነግረው ኖሮ ይህች ልጅ ባልኖረች ነበር። እሱ ግን ድኖ ይኖር ነበር፣ ልጅ አልባ ሆኖ፣ ሊፍት እየጠገነ፣ እኔንም እየተቆጣ። ከሁለቱ የቱን እንደምመኝ እሷን ታቅፌ መናገር አልችልም፤ ለብቻዬ ስሆን ግን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ዓይኗን ማየት ከበደኝና ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ከታች ሶስና ካፖርቱን በሁለት እጇ ሰብስባ አስፋልቱን ስትሻገር አየኋት፤ መንገዷ ላይ አንድ ጎረቤት ቆሞ «ሰጠሽ?» ሳይላት አልቀረም፣ አልመለሰችለትም።